ኤልደን ሪንግን ለሚጀምር ሰው፦ ከመጀመሪያው ዋሻ እስከ ማርጊት ድልድይ

የእህቴ ልጅ ኤልደን ሪንግ የሚባለውን ጌም በጀመረበት ማታ፣ ከዋሻው እንደወጣ ሜዳው ላይ ያገኘውን የመጀመሪያ ጠላት ልግደል ሲል አመሸ። ጠላቱ ከራስ ቁሩ እስከ ፈረሱ ኮቴ ወርቃማ ጥሩር የለበሰ ግዙፍ ፈረሰኛ ነው። ልጁ ይሮጣል፣ አንድ ጊዜ ይመታል፣ ፈረሱ ይዘላል፣ ልጁ ይሞታል። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩለት። በመጨረሻ ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ ይሄን ሰውዬ ሳልገድለው እንዴት ነው የማልፈው?» አለኝ።

«በጎኑ እለፋ! ግደለው ያለህ ማን ነው?»

ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ቁጥቋጦውን ተከልሎ፣ ጎንበስ ብሎ በግራ በኩል አለፈ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ፈረሰኛ ራሱ ፈረስ ላይ ሆኖ ገጠመውና ጣለው።

ጌሙን የሠራው የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር ነው፤ ዳይሬክተሩ ሂዴታካ ሚያዛኪ ነው፣ ገበያ ላይ የዋለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022። «ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ» ብሎ የሚያስመርጥ ነገር የለውም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ሳይሞክረው ይተወዋል፤ ይህ ከልብ ያሳዝነኛል። ምርጫው አለ፤ የሚመረጠው በእግር ነው። አንድ ቦታ ከከበዳችሁ ትታችሁት ትሄዳላችሁ፣ ሌላ ቦታ ትጠነክራላችሁ፣ ትመለሳላችሁ። የት ሄዶ በምን እንደሚጠነከር ያላወቀ ሰው ግን እንደ እህቴ ልጅ አንድ ቦታ ቆሞ ይሞታል። እሱን ነው በቅደም ተከተል የምጽፈው።

ከመክፈታችሁ በፊት

ጌሙ በፕሌይስቴሽን 4 እና 5፣ በኤክስቦክስና በኮምፒዩተር ይሠራል። በኮምፒዩተር ከሆነ ቢያንስ 12 ጊጋባይት ራምና 60 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። በኪቦርድና በማውዝ መጫወት ይቻላል፤ ግን ጆይስቲክ ካላችሁ ወይም መዋስ ከቻላችሁ በጆይስቲክ ጀምሩት።

ኢንተርኔት ግዴታ አይደለም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ማድረግ ትችላላችሁ። የሚቀርባችሁ ሌሎች ተጫዋቾች መሬት ላይ የሚተዉትን መልእክት ማየትና ሰው ለእርዳታ መጥራት ነው። ታሪኩ፣ ቦስ የሚባሉት ታላላቅ ጠላቶች፣ ዓለሙ ሁሉ እንዳለ አለ።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልመዱ፦ ጌሙ ፖዝ የለውም። ሜኑ ከፍታችሁ ዕቃ ስታዩ እንኳ ጠላት መምታቱን አያቆምም። እናት ከጓዳ ስትጣራ ወይም በር ሲንኳኳ ከሜኑው ጌሙን አቋርጣችሁ ወደ መጀመሪያው ገጽ ውጡ። ስትመለሱ የነበራችሁበት ቦታ ላይ ቆማችሁ ታገኙታላችሁ። ሴቭ የሚያደርገውም ራሱ ነው፣ እናንተ የምትጫኑት ነገር የለም። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድበት ሰፈር በኮምፒዩተር የምትጫወቱ ከሆነ ግን፣ አፕዳታ ውስጥ ሮሚንግ የሚለው ፎልደር ጋ ኤልደን ሪንግ የሚል ፎልደር አለ፤ እሱን አልፎ አልፎ ፍላሽ ላይ ገልብጡት። የስልሳ ሰዓት ድካም በአንድ የመብራት መቋረጥ ሲበላሽ አይቻለሁና አደራ።

ማንን ልምረጥ?

አሥር መነሻዎች አሉ። ምርጫው የሚወስነው ስትጀምሩ የያዛችሁትን ዕቃና የመጀመሪያ ነጥቦቻችሁን ብቻ ነው፤ በኋላ ሰይፈኛው ጠንቋይ፣ ጠንቋዩም ሰይፈኛ መሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙ አትጨነቁ።

ለጀማሪ የምመክረው ቫጋቦንድን ነው። የላይፍ መጠን የሚወስነው ቪጎር የሚባለው ነጥብ ሲሆን፣ ቫጋቦንድ በ15 ይጀምራል፤ ከአሥሩ ሁሉ ከፍተኛው እሱ ነው። ጥሩ ጋሻም አለው። ሳሙራይ ቪጎሩ 12 ነው፤ ግን ጎራዴው ግሩም ነው፣ ቀስትም ይዞ ስለሚነሳ ጠላትን አንድ በአንድ ከሩቅ እየጠሩ ለመግደል ይመቻል። አስትሮሎጀር በምትሃት ከርቀት ይመታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይቀሉታል፣ ግን ቪጎሩ 9 ስለሆነ የደረሰበት ምት ሁሉ ያንገዳግደዋል። ሬች የሚባለው ዱላ ብቻ ይዞ ራቁቱን የሚጀምር ነው። ስሙ ቢያምራችሁም ለሁለተኛ ዙር አቆዩት።

ስጦታ ምረጡ ሲላችሁ ጎልደን ሲድ የሚለውን የወርቅ ዘር ውሰዱ። በመድኃኒት ጠርሙሳችሁ ላይ አንድ ጉንጭ ይጨምርላችኋል።

መጀመሪያ ትሞታላችሁ፤ ቀጥሎ ጉድጓዱ ውስጥ ዝለሉ

ጌሙ ሲጀምር ብዙ እጅ ያለው አስፈሪ ፍጡር ይገጥማችኋል። ሊገድላችሁ ነው የተቀመጠው። ስትሞቱ ዋሻ ውስጥ ትነቃላችሁ፣ ምንም የቀረባችሁ ነገር የለም።

ዋሻው ውስጥ ጥቂት እንደተራመዳችሁ ወንበር ላይ የተቀመጠ መንፈስ የመሰለ ሰው ታያላችሁ። አጠገቡ ጉድጓድ አለ። ብዙ ሰው በሩን ብቻ አይቶ ይወጣል፤ እናንተ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ዝለሉ። መማሪያው ያለው እዚያ ነው፤ ደካማ ወታደሮችና መጨረሻ ላይ አንድ ቀላል ቦስ። ቦሱን ከገደላችሁ በኋላ አትቸኩሉ። ከወታደሮቹ አንዱን ሆን ብላችሁ አትግደሉት፤ እሱ ሲመታችሁ እናንተ ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ሰይፉን ሲያነሳ፣ ሲያወርድ፣ ካወረደ በኋላ ስንት ጊዜ ባዶውን እንደሚቆም። ጌሙ በሙሉ የዚህ ወታደር ታላቅ ወንድም ነው።

በፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ፦ አር1 ይመታል፣ አር2 ኃይለኛ ምት ነው፣ ኤል1 ጋሻ ያነሳል፣ ክብ ምልክቱ ያንከባልላል፣ ሲያዝ ደግሞ ያስሮጣል፣ ኤክስ ያዘልላል፣ አር3 ጠላት ላይ ዓይን ይተክላል። ሦስት ማዕዘኑን ይዛችሁ አር1 ስትጫኑ መሣሪያውን በሁለት እጅ ትይዙታላችሁ፤ ያኔ ስትሬንግዝ የሚባለው ጉልበታችሁ በአንድ ተኩል እጥፍ ይቆጠራል። ለአንድ እጅ የከበደ መሣሪያ በሁለት እጅ ሊያዝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሜዳው ላይ፣ በዚህ ቅደም ተከተል

ከዋሻው ስትወጡ የምትደርሱበት አገር ሊምግሬቭ ይባላል። መሬት ላይ የምታዩት ወርቃማ የብርሃን ጭረት ግሬስ ነው። ተቀምጣችሁበት ስትነሱ ጠርሙሳችሁ ይሞላል፣ የገደላችኋቸው ተራ ጠላቶችም ይነሳሉ። ፈረሰኛውን በጎኑ እለፉትና ወደ ኤሌህ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። ጣሪያው የፈረሰ ሲሆን ካሌ የሚባል ነጋዴ እሳት አንድዶ ተቀምጧል። ከሱ በ300 ሩን (ሩን የጌሙ ገንዘብ ነው) የዕቃ መሥሪያውን ኪት ግዙ። እዚያው ግቢ መሣሪያ የሚጠነከርበት መስፍ አለ፤ ቦታውን ልብ በሉ።

ቀጥላችሁ በስተሰሜን ጌትፍሮንት ወደሚባለው የወታደሮች ሰፈር ሂዱ። በፊት ለፊት አትግቡ። ቁጥቋጦ ውስጥ ጎንበስ ብላችሁ ከዳር ያሉትን አንድ በአንድ ከጀርባ ጣሉ፤ ጥሩንባ የያዘውን ቀድማችሁ ካልገደላችሁት ሰፈሩ ሁሉ ይነሳባችኋል። መንገዱ ዳር የቆመው ድንጋይ ላይ የአካባቢው ካርታ አለ። ፍርስራሹ ውስጥ ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ደረጃ አለ፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው የሞረድ ቢላዋ የመሣሪያችሁን ልዩ ችሎታ ለመቀየር ያስፈልጋችኋል።

ሜዳው ላይ ሦስት ግሬሶች ላይ ካረፋችሁ በኋላ ሜሊና የምትባል ሴት ትመጣለች። እሺ በሏት። ሌቭል መጨመር የምትችሉት ከእሷ ጋር ከተስማማችሁ በኋላ ነው፤ እስከዚያ «ሩን ሰብስቤያለሁ፣ የት ነው የማወጣው?» እያሉ የሚባዝኑ ብዙ ናቸው። ቶረንት የሚባለውን ፈረስ የሚጠራ ፉጨትም ትሰጣችኋለች። ፈረስ ካገኛችሁ ጌሙ ሌላ ጌም ሆነ ማለት ነው። ከማንኛውም ነገር ማምለጥ ትችላላችሁ። ዋሻና ምድር ቤት ውስጥ ግን አይጠራም።

ፈረሱን እንዳገኛችሁ በማታ ወደ ኤሌህ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ሬና የምትባል ባለ ትልቅ ባርኔጣ ጠንቋይ ፍርስራሹ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃችኋለች። የምትሰጣችሁ ደወል ሦስት ተኩላ ይጠራል፤ ተኩላዎቹ ቦሱን ሲያዋክቡላችሁ እናንተ ከጀርባው ትመታላችሁ፣ መድኃኒት ለመጠጣትም ትንፋሽ ታገኛላችሁ። አንዳንድ ሰው «ይሄ ማጭበርበር ነው» ይላል። አትስሙት፤ ጌሙ ራሱ የሰጣችሁ መሣሪያ ነው። ተኩላዎቹን መጥራት የምትሃት ኃይላችሁን ከሚያሳየው ሰማያዊ መስመር 55 ይወስዳል፣ ስለዚህ ሰይፈኛም ብትሆኑ ከጠርሙሳችሁ አንዱን ሰማያዊ አድርጋችሁ ያዙ።

ከዚህ በኋላ ጠርሙስ ማጠንከር ነው። ሁለት ነገር አለ፤ ሰው ይደባልቃቸዋል። ጎልደን ሲድ የጉንጩን ቁጥር ይጨምራል፤ የሚገኘው ወርቃማ ብርሃን ከሚረጭ ትንሽ ችግኝ ሥር ነው፣ አንዱ ስቶርምሂል የምትባለው ጎጆ አካባቢ መንገድ ዳር አለ። ሴክረድ ቲር የሚባለው እንባ ደግሞ አንድ ጉንጭ የሚመልሰውን የላይፍ መጠን ያሳድጋል፤ የሚገኘው ፈራርሰው በቆሙ ቤተ ክርስቲያኖች ውስጥ ነው። አንዱ በሊምግሬቭ ምሥራቅ ሦስተኛው የማሪካ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ እዚያው የራሳችሁን ቅልቅል የምታዘጋጁበት ልዩ ጠርሙስም ታገኛላችሁ። ሦስት ሌሎች ደግሞ ወደ ደቡብ የሚወስደውን ድልድይ ተሻግራችሁ ስትወርዱ፣ ዊፒንግ ፔኒንሱላ በሚባለው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ናቸው። በፈረስ ሦስቱንም በአንድ ማታ መዞር ይቻላል። እነዚህን አራት እንባዎች ሳትይዙ ስቶርምቬይል የሚባለው ቤተ መንግሥት በር ላይ አትቁሙ። አብዛኛው ጀማሪ የሚያለቅሰው ባሕረ ገብ መሬቱን ሳያይ ወደ ቤተ መንግሥቱ ስለሚሮጥ ነው፤ ያ ደቡብ ለጀማሪ ተብሎ የተዘጋጀ አገር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሊምግሬቭ ውስጥ ካለው ሐይቅ አጠገብ ያለው፣ ዘንዶ ያቃጠለው ፍርስራሽ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ሣጥን አለ። ስትከፍቱት ጭስ ይወጣና ኬይሊድ በሚባል እጅግ ከባድ አገር፣ ነፍሳት በሞሉት ዋሻ ውስጥ ይጥላችኋል። ከገባችሁ አትደንግጡ፤ ከማንም ጋር ሳትዋጉ እየሮጣችሁ ከዋሻው ውጡ። ወደ ሊምግሬቭ በካርታ መመለስ የሚቻለው ከዋሻው ከወጣችሁ በኋላ ነው።

ሩን፦ ምን ላይ ይውጣ?

ሩን ገንዘባችሁም ሌቭላችሁም ነው። ስትሞቱ የሞታችሁበት ቦታ ላይ ይቀራል። ሄዳችሁ ካነሳችሁት የእናንተ ነው፤ ሳታነሱት ደግማችሁ ከሞታችሁ ለዘላለም ጠፋ። ስለዚህ ብዙ ሩን ይዛችሁ ቦስ በር ላይ ከመቆም በፊት ሌቭል ጨምሩበት ወይም ዕቃ ግዙበት። በዕቃ መልክ የምታገኙት ወርቃማ ሩን ግን ብትሞቱም አይጠፋም፤ አታባክኑት፣ ለሌቭል ትንሽ ሲጎድላችሁ ብቻ ሰባብራችሁ ሙሉበት።

ስምንት ነጥቦች አሉ። አዲስ ሰው ኃይል እንዲጨምርለት ፈልጎ ስትሬንግዝ ወይም ዴክስተሪቲ ላይ ያፈሳል፣ በሁለት ምት ይሞታል፣ ከዚያ «ጌሙ ፍትሕ የለውም» ይላል። የመጀመሪያዎቹን ሌቭሎች ቪጎር ላይ አድርጉ። ማርጊት የሚባለውን የድልድዩን ቦስ ከመግጠማችሁ በፊት 20 ይድረስ፤ ከዚያም እያደር ወደ 40 ውሰዱት። ሌላው ነጥብ መያዝ የምትፈልጉት መሣሪያ የሚጠይቀውን እስኪያሟላ ድረስ ብቻ ይጨመር። መሣሪያው ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ካያችሁ ነጥባችሁ አልደረሰም ማለት ነው።

የምት ኃይል ከየት ይመጣል?

ከመስፉ። መጀመሪያ ላይ ሰይፍን አንድ ደረጃ ማጠንከር አንድ ሌቭል ከመጨመር ይበልጣል። ስሚዚንግ ስቶን የሚባለው ድንጋይ ያስፈልጋችኋል፦ ለመጀመሪያው ደረጃ 2፣ ለሁለተኛው 4፣ ለሦስተኛው 6፤ በድምሩ 12። የኤሌህ መስፍ እስከ ሦስተኛው ደረጃ ይሠራል። ከዚያ በላይ ለመሄድ ሜሊና በኋላ ወደምትጋብዛችሁ ራውንድቴብል ሆልድ ትሄዳላችሁ፤ እዚያ ሂዩግ የሚባል አንጥረኛ አለ።

ድንጋዩ በብዛት ያለው ከሐይቁ ሰሜን፣ ገደሉ ሥር ባለው የሊምግሬቭ ማዕድን ዋሻ ውስጥ ነው። የቆፋሪዎቹ ቆዳ ድንጋይ ስለሆነ ስለት ይነጥርበታል፤ ዱላ ወይም መዶሻ ካላችሁ ይዛችሁ ግቡ። ግድግዳውን እያያችሁ ሂዱ፣ የሚያብለጨልጨውን ሁሉ ልቀሙ። አንድ መሣሪያ ብቻ መርጣችሁ ድንጋዩን ሁሉ እሱ ላይ አውሉት።

ክብደታችሁንም ተመልከቱ። የለበሳችሁትና የያዛችሁት ከምትችሉት 70 በመቶ ካለፈ መንከባለላችሁ እንደ ጆንያ ይሆናል፣ ማምለጥም አበቃ። ከባድ ጥሩር ስላማረባችሁ ብቻ አትልበሱት።

ከማርጊት ጋር

ማርጊት ከስቶርምቬይል ቤተ መንግሥት በፊት ድልድዩ ላይ የሚጠብቃችሁ ቀንዳም ሽማግሌ ነው፣ ረጅም ምርኩዝ ይይዛል። የጌሙ የመጀመሪያ እውነተኛ ፈተና እሱ ነው። ቪጎር 20፣ ሰይፍ ሦስተኛ ደረጃ፣ አራት እንባ፤ ይህ ካላችሁ ግቡ። ከሌላችሁ ደግሞ ፈረሳችሁ ውጭ አለ፤ ተመለሱ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሙከራዎች ለማሸነፍ አትግቡ። አትምቱት፤ ተኩላም አትጥሩ። ዙሪያውን እየዞራችሁ ምርኩዙን ብቻ ተመልከቱ። ከራሱ በላይ ያነሳዋል፤ እናንተ «መጣ!» ብላችሁ ትንከባለላላችሁ፤ እሱ ግን እንዳነሳው ቆሟል። ከመሬት ተነስታችሁ ቀና ስትሉ ያኔ ያወርደዋል። ሰውን ሁሉ የሚገድለው ይህ ምት ነው። የምትንከባለሉት ክንዱ ሲነሳ ሳይሆን መውረድ ሲጀምር ነው፤ ወደ ኋላ አይሁን፣ ወደ እሱ፣ በብብቱ ሥር። ወደ ኋላ ከሄዳችሁ የምርኩዙ ጫፍ ያገኛችኋል። በብብቱ ሥር ስትወጡ ጀርባውን ይሰጣችኋል፤ አንድ ምት ወይም ሁለት ምቱና ተመለሱ። ሦስተኛው ምት ስግብግብነት ነው፣ ይቀጣችኋል።

ጋሻ ያላችሁ ሌላ ዕድል አላችሁ። ምቱን በጋሻ ከተቀበላችሁ ወዲያው አር2 ተጫኑ፤ ሰውዬአችሁ ኃይለኛ የመልስ ምት ይሰነዝራል። እየዘለሉ በአር2 መምታትም እንዲሁ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲደጋገሙ ጠላት ሚዛኑን ስቶ ይንበረከካል፤ ያኔ ፊት ለፊቱ ቆማችሁ አር1 ስትጫኑ ትልቁን ጉዳት ታደርሱበታላችሁ።

መድኃኒት ስትጠጡ ብዙ ጊዜ የብርሃን ጩቤ ይወረውራል። ስለዚህ ላይፋችሁ ሊያልቅ ሲል በድንጋጤ አትጠጡ፤ ግማሽ ሲደርስ፣ እሱ ረጅሙን ምት ስቶ ገና ሲመለስ ጠጡ። ላይፉ እየወረደ ሲሄድ የብርሃን መዶሻ አውጥቶ እየዘለለ መውረድ ይጀምራል፤ ያኔም ሕጉ አንድ ነው፣ ሲወርድ ተንከባለሉ።

እርዳታም አለ። ወደ ማርጊት ከሚያስገባው የጭጋግ በር በፊት ሮጂየር የሚባለው ጠንቋይ የወርቅ ምልክት መሬት ላይ ታገኛላችሁ፤ ጥሩት። በሊምግሬቭ መርክዋተር የሚባለው ዋሻ ውስጥ ደግሞ ፓቼስ የሚባል ሌባ አለ። ስትመቱት እጅ ይሰጣል፤ ያኔ መምታታችሁን አቁሙ፣ ነጋዴ ይሆናል። በ5,000 ሩን የሚሸጠው ሰንሰለት ማርጊትን በመጀመሪያው ክፍል ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ያስረዋል።

አምስት ጊዜ ሞክራችሁ እየባሰባችሁ ከሄደ ጆይስቲኩን አስቀምጡ። ጣት የተማረው እንቅልፍ ካገኘ በኋላ ነው የሚገባው፤ የእህቴ ልጅ ማታ ሃያ ጊዜ የሞተበትን ማርጊት በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ በሁለተኛው ሙከራ ጣለው።

ስትጥሉት 12,000 ሩን ታገኛላችሁ። ብቅ ያለው ግሬስ ላይ ወዲያው ተቀምጡና ሌቭል አድርጉት። በሩ አጠገብ ያለውን ሰውዬ ዋናውን በር አስከፍትልን አትበሉት፤ በር ላይ ቀስተኞች ተሰልፈዋል። እሱ ያለበትን ክፍል አልፋችሁ በግራ በኩል፣ ከፈረሰው ግድግዳ ወደ ገደሉ ዳር የሚወጣውን መንገድ ያዙ።